ሰማያዊ አፍ ያለው ገመድ

ታኅሣሥ 4

ስክሪኑ ዛሬ መጣ። ከባሕር ዳር በሚኒባስ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ እንደ በሽተኛ። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠየቅኩት ነው። ማመልከቻውን ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። በአሥራ አራት ኢንች ላፕቶፕ ላይ የገበሬ ማሳ ሲስሉ መዋል ዓይን ይጨርሳል ብዬ፣ ምክንያቱንም ሦስት ጊዜ።

ሚኒባሱ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ሲቆም የሮጥኩት እኔ ነበርኩ። እንዳልካቸው ቀደመኝ። የቡድን መሪያችን ነው። «እስኪ መጀመሪያ እኔ ልሞክረው» ብሎ አቅፎት ወደ ክፍሉ ገባ። በሩን በእግሩ ገፋው።

የንብረት ክፍል ሠራተኛው ይሄነው መዝገቡን እንደያዘ ፊቴን አይቶ ሳቀ።

«አይዞሽ እመቤት፤ ማሽን ሲበዛባት ትደነግጣለች ብሎ እኮ ነው።»

«ማን ነው ያለው?»

«እሱ ነዋ! ሌላ ማን ሊል ነው?»

እኔም ሳቅሁ። ይህን መጻፍ አለብኝ። እኔም ሳቅሁ።

ታኅሣሥ 5

አልበራለትም።

ከረፋድ ጀምሮ በሩ ክፍት ነበርና ከጠረጴዛዬ አየዋለሁ። ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ሣጥን ከጥግ ወደ ጥግ ትንሳፈፋለች፤ ውስጧ «ኖ ሲግናል» ይላል። ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ። የገመዱን አፍ እፍ አለበት። ሶኬት ቀየረ። ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራ። «መብራቱ ነው» አለ። መብራቱ አልነበረም።

ፊርማ የማያስፈልገው ወረቀት ይዤ ገባሁና በአንድ እይታ ገባኝ። ከጀርባው ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ ለጠፍጣፋው አዲስ ገመድ፣ ሌላው ለድሮው፣ ሰማያዊ አፍና ሁለት ብሎን ላለው። እሱ አዲሱን ሰክቷል፤ ስክሪኑ የሚጠብቀው ግን ድሮውን ነው። በቀኝ በኩል ከታችኛው ጠርዝ ሥር፣ ለዓይን የማይታዩ አራት ቁልፎች አሉ። ሁለተኛውን አንድ ጊዜ መጫን ነው። ዳንግላ ስልጠና ላይ አሳይተውናል። እሱ ያን ቀን ስብሰባ ነበረበት።

«ምን ሆኖ ይመስልሻል?» አለኝ።

«እኔ እንጃ። እኔ ማሽን ሲበዛብኝ እደነግጣለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ምን ማለቴ እንደሆነ ያልገባው መሰለ። ማስመሰል ይችልበታል።

ሰማያዊ አፍ ያለው ገመድ ላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ ካርቶኑ ውስጥ ነበር። እሱን ቢሰካ ራሱ ይበራለት ነበር። ሲወጣ ጠብቄ በሹራቤ ሥር ይዤው ወጣሁ። መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ቁልፉን ከማተቤ ጋር አሰርኩት።

ታኅሣሥ 9

አምስተኛ ቀኑ። አሁንም ይነቅላል፣ ይሰካል።

እንዲህ ደስ ብሎኝ ሥራ የገባሁበትን ሳምንት አላስታውስም።

ለምን እንደምጠላው በግልጽ ልጻፍ፤ ኋላ ሳነበው ትንሽ ሰው እንዳልመስል። ከጥርባ ሐይቅ ማዶ ያለው ቀበሌ 1,143 ማሳ አለው። ከአየር ፎቶው ላይ የእያንዳንዱን ወሰን ተከትዬ የሳልኩት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጄ ነው፤ አንድም መስመር ሌላ ሰው አልነካውም። ኅዳር ላይ መስመሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይታዩኝ ነበር፤ ዓይኔን በውኃ እያራስኩ ጨረስኩት። ከዚያ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ለኃላፊያችን ለአቶ ገብረ ማርያም «ቡድናችን ሥራውን አጠናቋል» አለ። ቡድናችን። አቶ ገብረ ማርያም እጁን ጨበጡት። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ።

ታኅሣሥ 11

«ተበላሽቶ ነው የመጣው» ብሎ ሊመልሰው ሲል እኔ ጋ ይቅር ብዬ ለመንኩት።

«የማይሠራ ስክሪን ምን ያደርግልሻል?»

«መስኮቱን ይከልልልኛል። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ።»

ራሱ ተሸክሞ አመጣልኝ። «ከባድ ነው፤ አንቺ አትንኪው» አለ። ጠረጴዛዬን በክርኑ ጠራርጎ አስቀመጠው። አመሰገንኩት፤ ወጣ። በሩን ዘጋሁ። ጠፍጣፋውን ገመድ ሰካሁ፣ ከታች በአውራ ጣቴ ዳሰስኩ፣ ሁለተኛው ቁልፍ፣ ተጫንኩ።

በራ።

ከዚያ ላፕቶፑ ላይ የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍና «ፒ»ን አንድ ላይ ተጭኜ ሁለቱን እንደ አንድ ሰፊ ገጽ አደረግኋቸው። የማሳዎቹ ዝርዝር ሠንጠረዥ ላፕቶፑ ላይ ቀረ፤ ካርታው ወደ ትልቁ ተሻገረ። ቀበሌው በሙሉ ተዘረጋ። ጅረቱ፣ አጥሮቹ፣ በፈረስ የሚኬድበት ቀጭን መንገድ ሳይቀር። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዓይኔ ነው።

ታኅሣሥ 17

እንደሚሠራ ካወቀ ይወስደዋል። ስለዚህ አያውቅም።

ዘዴው ቀላል ነው። ኮሪደሩ ላይ እርምጃ ስሰማ አውራ ጣቴ ወደ ታች ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ ይጫናል፤ ካርታው ይጠፋና «ኖ ሲግናል» መንሳፈፍ ይጀምራል። ሲሄዱ መልሼ እጫናለሁ። ዛሬ ሠላሳ አንድ ጊዜ። ሐሳብ አያስፈልገውም፤ ጣቴ ከጆሮዬ እየቀደመ ነው።

«አሁንም ያው ነው?» አለ እንዳልካቸው አንገቱን አስግጎ።

«ያው ነው።»

«ባሕር ዳር ደውዬ ነበር። ኔትወርኩ ተቆረጠብኝ። ነገ እሞክራለሁ።»

ምን አስቸኮለው? የሚወስድበትን ቀን እየቆጠረ ነው።

ታኅሣሥ 24

አገኘሁት። አገኘሁት። አገኘሁት።

ማሳ ቁጥር 612፣ የወይዘሮ ደብሪቱ። ወሰናቸው ከታች ጅረቱ ነው፤ ካርታው ላይ ግን መስመሩ ጅረቱ ላይ አይደለም። ወደ ላይ ገብቶ አጥሩን ይዞ ይሄዳል። በመሃል ዘጠኝ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ለጎረቤታቸው ለእንየው ሄዷል። ቁራጩ ላይ ዲከረንስ ተተክሏል፤ የአየር ፎቶው ላይ እንደ ጥቁር ምንጣፍ ይታያል። ለከሰል የደረሰ ዛፍ ነው። ላፕቶፑ ላይ ይህ ሁሉ የፀጉር ያህል ነው። ትልቁ ስክሪን ላይ ግን ያስጮኻል።

እንዳልካቸው ነው። ኅዳር ላይ ዓይኔን ልታይ ዳንግላ ስሄድ ላፕቶፔ ሁለት ቀን እሱ ጋ አልነበረም? ነበር። ሌላ ማን ሊሆን?

ሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ እያንዳንዱን መስመር ማን እንደሳለው፣ በየትኛው ቀን እንደሳለው የሚያሳይ ዓምድ አለ። ወደ ቀኝ መግፋት ነው። አልገፋሁትም። ምን ያደርጋል? አውቀዋለሁ።

ማስተካከል አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መስመሩን ይዞ ጅረቱ ላይ መጣል ነው።

አላስተካክለውም። ጥር 26 ካርታው ለሕዝብ ይታያል። የቀበሌው ሰው ሁሉ ባለበት፣ አቶ ገብረ ማርያም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እንዳልካቸው «ቡድናችን» ሲል እኔ ይህን ስክሪን አበራለሁ። 612ን አጎላለሁ። ዝም እላለሁ። ሰዉ ራሱ ይናገር።

ጥር 1

በዚያ ቀን እንዳልካቸው የሚለብሰው ግራጫ ኮት ነው፤ ለትልቅ ቀን ሌላ የለውም። ላብ ሲያልበው አንገቱ ላይ መጀመሪያ ይታያል።

መጀመሪያ ሙሉ ቀበሌውን አሳያለሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ። በጣም ቀስ ብዬ።

ምናልባት «ማን ነው ይህን የሳለው?» ይላሉ አቶ ገብረ ማርያም። እኔ ወደ እሱ አያለሁ። ጣቴን አልቀስርም። ማየት ይበቃል።

ጥር 6

ወይዘሮ ደብሪቱ መጡ። ሳልጠራቸው። ለገበያ እንጅባራ ገብተው ነው፤ ከትከሻቸው ላይ ጭጋጉ ገና አልደረቀም።

«የኔ ልጅ፣ መሬቴን የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«ይቀመጡ እማማ።»

«አልቀመጥም፤ ጓደኞቼ ጥለውኝ ይሄዳሉ። ደህና ነው?»

«ምኑ?»

«መሬቴ ነዋ! ወይ አንቺ፣ ስለ ጤናው እንደምጠይቅሽ ነው?» ሳቁ። ጥርሳቸው ሁለት ነው።

እርምጃቸውን ስሰማ ጣቴ ቁልፉን ተጭኖ ነበር። እሳቸው ጀርባውን እንጂ ፊቱን አላዩትም። እኔ ግን የምትንሳፈፈዋን ሣጥን እያየሁ ነበር የመለስኩት።

«ደህና ነው። በቀኑ ያዩታል።»

«እኔ ፊደል አላውቅም። በሥዕል ግን ማንም አያታልለኝም። ወንዙን አሳዪኝ እንጂ ዛፌን ራሴ አገኘዋለሁ። እሱ ዛፍ የቤቴ ቆርቆሮ ነው፤ ዘንድሮ ይቆረጣል።»

ዘንቢላቸውን ዘቅዝቀው ድንች ጠረጴዛዬ ሥር አፈሰሱ። አይሆንም ብዬ ተከተልኳቸው። ኮሪደሩ ላይ ከእንዳልካቸው ጋር በአዊኛ እያወሩ ሲሳሳቁ ደረስኩ። አዊኛ አልሰማም። ደብረ ማርቆስ ነው ያደግኩት፤ አሥር ዓመት እዚህ ኖሬ ከሰላምታ አላለፍኩም። እኔን አይተው ዝም አሉ። ስለ እኔ ነው።

እስከ 26 ሃያ ቀን ነው። ሃያ ቀን ምንም አይደለም። ከዚያ ይስተካከላል። የሚጎዳ ሰው የለም።

ከአንድ ሰው በቀር።

ጥር 14

እንዳልካቸው «አቶ ገብረ ማርያም ትልቁን ስክሪን አዳራሽ ውሰዱት ብለዋል። ሊበራ ይችላል ብለሽ ታስቢያለሽ?» አለኝ።

«እዚያ እሞክረዋለሁ።»

«እዚህ ሞክሪው እንጂ፤ ሰው ፊት…»

«እዚያ እሞክረዋለሁ አልኩህ።»

ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። እየሄደ ጠረጴዛዬ ሥር አየና «ድንቹ እየበቀለ ነው» አለ።

ሁለተኛው ቁልፍ ላልቶ ነው መሰል፣ ስጫነው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይቆይና ነው የሚመለሰው።

ጥር 25

ላፕቶፕ። ስክሪን። ጠፍጣፋው ገመድ። ማከፋፈያ። የጣት ቀለም ሁለት ጣሳ። የወረቀት ካርታ ለግድግዳ፣ ለደንቡ።

ሰማያዊው መሳቢያ ውስጥ ይቅር። ማን ይጠይቀዋል?

ጥር 26

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ካልሆነ ነገ ለራሴ ሌላ ነገር እነግረዋለሁ።

አዳራሹ የቀበሌው ነው፤ ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። ሰዉ በፈረስ መጥቷል፤ ከሦስት ቀን በፊት የፈረሰኞች በዓላቸው ነበርና የአንዳንዱ ፈረስ አንገት ላይ ጌጡ አልወረደም። እኔ ቀድሜ ገባሁ። ጀነሬተሩ ተነሣ። ሰካሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ በራ። ካርታው ያንን ጨለማ አዳራሽ አበራው። ብቻዬን ነበርኩ። 612ን አጎላሁት። ዘጠኙ ሜትር እንደ ቁስል ይታያል። እንደዚያ ቆሜ አየሁት፤ እንደ ሙሽራ ደስ አለኝ።

እርምጃ ሰማሁ።

ጣቴ ሄደ። እኔ አልላክሁትም። ሄደ፣ ተጫነ፤ ቁልፉ ጠቅ ብሎ ገባና አልተመለሰም።

እንዳልካቸው ነበር፤ በግራጫ ኮቱ። «እንዴት ሆነ?» አለ። ሰማያዊዋ ሣጥን ተንሳፈፈች።

ቁልፉን በጥፍሬ ቆፈርኩት። በብዕር ክዳን ቆፈርኩት። ውስጥ ሆኖ ቀረ። ጠፍጣፋውን ገመድ ነቀልኩ፣ ሰካሁ። አፉን እፍ አልኩበት። ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ። እሱ ያደረገውን ሁሉ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ሰው እየገባ፣ እየተቀመጠ፣ እያየኝ። ከኋላ አንዱ «ይቺ ልጅ ጥጃ አልጠባ ያላት ትመስላለች» አለ፤ ሳቁ።

እንዳልካቸው ከጀርባው ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና አለና «ሌላ ቀዳዳ አለው። ካርቶኑ ውስጥ ሰማያዊ አፍ ያለው ገመድ ነበር እኮ። እሱን ብናገኝ ምናልባት…» አለ። ከዚያ ጮክ ብሎ፤ «ይሄነው፣ ሰማያዊውን ገመድ አይተኸዋል?»

«እኔ ምን ላድርገው?»

«እመቤት፣ አንቺስ?»

አቶ ገብረ ማርያም ያዩኛል። የመሳቢያው ቁልፍ ማተቤ ላይ ነበር፤ ደረቴ ላይ ቀዘቀዘኝ።

«አላየሁም» አልኩ።

በወረቀቱ ካርታ ተሠራ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ባለ ማሳው ይቆማል፣ አራቱም አዋሳኞቹ አብረውት ይቆማሉ፣ ወሰን ይጠራራሉ፣ ከዚያ ቀለም። የግድግዳው ወረቀት ላይ 612 የጥፍር ያህል ነው። እንየው በታች በኩል ቆመ። ወይዘሮ ደብሪቱ ከእሱ ጋር በአዊኛ ተባባሉ፣ ሁለቱም ሳቁ፤ እንየውም የሚያውቅ አልመሰለኝም። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተጠጉ። አፍንጫቸው ሊነካው ምንም አልቀረው።

«ወንዙ የቱ ነው የኔ ልጅ?»

ብዙ መስመር ነበር። ሁሉም ጥቁር።

«ይሄ ነው» አልኩ። ያሳየሁት መስመር ወንዙ አልነበረም።

አውራ ጣታቸውን ራሴ ይዤ ቀለሙ ላይ ጫንኩት። ራሴ ይዤ ወረቀቱ ላይ ጫንኩት። ጣታቸው ሻካራ ነው፤ አሻራው ጥርት ብሎ ወጣ።

ጥር 27

ያ ቀን የእንዳልካቸው ውርደት መሆን ነበረበት።

ማታ መጥቶ «አይክፋሽ፣ ማሽን ነው» ብሎ ሄደ።

ጥር 28

አሻራ ካረፈ በኋላ ካርታው ይቆለፋል። ቅሬታ የሚቀበሉት ሰባት ቀን ነው፤ እስከ የካቲት 2። ከዚያ ማኅተም። ከማኅተም በኋላ ዛፉን እንየው ቢቆርጠው ሕጉ የእሱ ነው።

ቅጹን አውጥቼ አየሁት። ሁለት ጥያቄ አለው። ስህተቱን የሠራው ባለሙያ ስም። ስህተቱ የታወቀበት ቀን።

የመጀመሪያውን በደስታ እሞላዋለሁ። ሁለተኛው ነው።

ድንቹ ቡቃያ አውጥቶ ወደ ብርሃኑ ተጎንብሷል። ሊጣል ይገባዋል። አልጣልኩትም።

ጥር 30

ስሙን በማስረጃ ልጽፍ ብዬ ሠንጠረዡን ከፈትኩ። ወደ ቀኝ ገፋሁት።

ኅዳር 19። እመቤት ወርቅአየሁ።

ኅዳር 19 ዳንግላ አልነበርኩም። የሄድኩት በማግሥቱ ነው። መስመሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ስለታዩኝ ነው የሄድኩት።

ሌሎቹንም አየሁ። ሁሉም እኔ ነኝ። አንድም መስመር ሌላ ሰው አልነካውም።

የካቲት 1

መሳቢያውን ከፈትኩ። የገመዱን ላስቲክ ቀደድኩ። ሰማያዊውን አፍ አስገባሁ፣ ሁለቱን ብሎኖች አጠበቅሁ። ላፕቶፑ የድሮው ቀዳዳ አለው፤ ሁልጊዜም ነበረው። ስክሪኑ ወዲያው በራ። ምንም መጫን አላስፈለገውም። ይህን ሁሉ ጊዜ ሲጠብቀው የነበረው ነው።

እንዳልካቸውን ጠራሁት።

«ከየት አገኘሽው?»

«መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከታኅሣሥ አምስት።»

ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። 612ን አሳየሁት። ዓምዱንም አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየ። ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ፤ ለጩኸቱ መልስ አዘጋጅቻለሁ። አልጮኸም።

«ዓይንሽ ነው» አለ። «ማመልከቻሽን ሦስቴም ባሕር ዳር ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ እኮ። ሦስቴም ነገ ይሉኛል። አምና ቢሰጡኝ ኖሮ ይሄ አይደርስብሽም ነበር።»

«ማሽን ሲበዛባት ትደነግጣለች ብለሃል።»

«እኔ? ለማን?»

ከይሄነው ሌላ ያወራልኝ አልነበረም። ይሄነው ኮሪደሩ ላይ ያፏጫል።

ቅጹን ሳበው። አነበበው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስምሽን ጻፊ፣ ግዴለም፤ የዓይን ሕክምና ወረቀትሽን አያይዢው፣ ይገባቸዋል። የታወቀበት ቀን ላይ ዛሬ ብለሽ ጻፊ። ካለዚያ ደብዳቤ ይወጣብሻል፣ ከሥራም ሊያግዱሽ ይችላሉ። ማን ያውቃል? እኔ አልናገርም» አለ።

አልናገርም አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ኮሪደሩ ላይ ባገኘሁት ቁጥር እንዳልተናገረ እያየሁ ልኖር ነው።

ብዕሩን አነሣሁ። ታኅሣሥ 24 ብዬ ጻፍኩ። ፊቱን አየሁ። አንገቱ ላይ ላብ አየሁበት።

የካቲት 2

ወይዘሮ ደብሪቱንና እንየውን በባጃጅ አመጣኋቸው። ስክሪኑ ፊት አስቀመጥኳቸው። «ወንዙ የቱ ነው?» አላሉኝም። ራሳቸው ጣታቸውን ዘርግተው መስታወቱ ላይ ወንዙን ከላይ እስከ ታች ተከተሉት፤ ጥቁሩ ምንጣፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይኸው» አሉ። «ይኸው ቆርቆሮዬ።» እንየው ራሱን ነቀነቀ፤ «የእሷ ነው፤ ማን የኔ ነው አለ?» አለ።

መስመሩን እሳቸው እያዩ ጅረቱ ላይ ጣልኩት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ የተሳሳትኩት እኔ እንደነበርኩ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ አውቄ ዝም እንዳልኩ ነገርኳቸው። እንዳልካቸው በአዊኛ ተረጎመው፤ በደንብ እንዲገባቸው ብሎ። አማርኛው ገብቷቸው ነበር።

ሳቃቸው ጠፋ። ጠረጴዛው ሥር አዩ። ጎንበስ ብለው የበቀለውን ድንች አንድ በአንድ ለቅመው ዘንቢላቸው ውስጥ ከተቱት።

«ለዘር ይሆናል» አሉና ወጡ።

ቅጹን ለአቶ ገብረ ማርያም አስገባሁ። ሰኞ ይጠሩኛል። ስክሪኑን ከጠረጴዛዬ አንሥቼ ኮሪደሩ ላይ እንዳልካቸው እጅ ላይ አስቀመጥኩት፤ ገመዱን ከላይ ጠቅልዬ። «ላንቺ እኮ ነው የመጣው» አለ። ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

ወይዘሮ ደብሪቱን በደልኩ፤ የሚመጣብኝን ልቀበል። ይሄነውንም ምናልባት አንድ ቀን ይቅር እለዋለሁ። እንዳልካቸውን ግን «ዛሬ ብለሽ ጻፊ» ስላለኝ ይቅር አልለውም።